በስንዝር ያጠረ ጎራዴ

ከደብረ ታቦር መመለሴን የሰማ ሁሉ የሚጠይቀኝ ያው አንድ ነገር ነው፤ «ጋፋትን አየሽ? መድፉ የተሠራበትን ቦታ?» አላየሁም። አጠገቡ ውዬ፣ ቀና ብዬ እንኳ አላየሁም። ጭቃ ስረግጥ ነበር። በጎራዴ ሰበብ ጭቃ ስረግጥ ነበር ስላቸው ደግሞ የማሾፍ ይመስላቸዋል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ከመጀመሪያው ልጻፈውና ልገላገል።

አዲስ አበባ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። እሁድ እሁድ ጠዋት ግን በስል ጎራዴ የኮባ ግንድ እቆርጣለሁ። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ እናቴም በሕይወት እያለች ስትስቅብኝ ነው የኖረችው። አሥራ ሁለት ነን፤ ነርስ አለች፣ የታክሲ ሾፌር አለ፣ ሁለት የባንክ ሠራተኞች አሉ። አንድ ዓይነት ቱታ ለብሰን፣ ከመኪና ባሌስትራ የተሠራ ጎራዴያችንን ይዘን አንድ መጋዘን ግቢ ውስጥ እንሰለፋለን። የኮባውን ግንድ እንጨት ላይ ሰክተን በየተራ እንቆርጣለን። ጎራዴ አየር ላይ ማወዛወዝ ማንም አያቅተውም፤ ክንድ ልክ መሆኑ የሚታወቀው ሲቆረጥ ነው።

አባቴ ሲያርፍ አንድ ቁምሳጥን፣ አንድ የማይሠራ ሬዲዮና አልጋው ራስጌ የተሰቀለ ጎራዴ ትቶልኝ ሄደ። ጎራዴው ቀይ ከፈይ የለበሰ አፎት አለው። ብቸኛ ልጁ ስለሆንኩ የእኔ መሆኑን ተጠራጥሬ አላውቅም። ዓመት ሳይሞላው ግን ከደብረ ታቦር የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ታረቀኝ፣ ደወሉልኝ።

«የወንድሜ ጎራዴ ከአገሩ እንደወጣ ቀረ። ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል? አምጪውና እኔ ቤት ይሰቀል» አሉኝ።

«እኔ እኮ በጎራዴ እቆርጣለሁ፣ አባባ።»

ይህን ስላቸው ድምፃቸው ተለወጠ።

«እንግዲያው ነይ። እዚህም ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቆርጡ አሉ። በሰው ፊት ቆርጠሽ ካሳየሽኝ ያንቺ ነው። ካልሆነልሽ እዚሁ ይቀራል። ተስማማን?»

«ተስማማን» አልኩ። አፌ እንዲህ ነው፤ ከእኔ ቀድሞ ይሄዳል።

እሺ ካልኩ በኋላ ፍርሃት ያዘኝ። ጎራዴው ዱልዱም ነበር። መርካቶ ወስጄ በኤሌክትሪክ ድንጋይ ለሚስል ሰው ሰጠሁት። የእሳት ፍንጣሪው እስከ መንገድ ድረስ ዘለለ። ሲመልስልኝ ወረቀት በአየር ላይ ይቆርጣል፤ ስለቱ ላይ ደግሞ እንደ እርግብ አንገት ሰማያዊና ወይን ጠጅ የሚል ቀለም ወጥቶበታል። እንዴት ያምራል መሰላችሁ! ለሰውየው እጅ ነስቼ ወጣሁ። ያቺን ቀለም አስታውሱልኝ።

ሐሙስ ማለዳ ተነሣሁ። ጎራዴውን በሰሌን ጠቅልዬ፣ ከቀበሌ ያጻፍኩትን ደብዳቤ ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ዓባይ በረሃ ልንወርድ ስንል ፍተሻ ላይ አስወረዱን። አንዱ ፖሊስ ሰሌኑን በእጁ መዘነው።

«ምንድን ነው?»

«ጎራዴ።»

አውቶቡሱ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ፖሊሱ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበና ስለቱን በጣቱ ሊነካ ሲል እጁን ሰበሰበ።

«የቤተሰብ ቅርስ ነው ይላል። ቅርስ ይሳላል እንዴ?»

«ልቆርጥበት ነው።»

«ምን?»

«ሣር» አልኩት። ሌላ ምን ልበለው? እዚያ የሚቆረጠው ሣር ነው ተብያለሁ። ፖሊሱ ሳቀና ጎራዴውን ሾፌሩ ዘንድ እንዲቀመጥ አደረገ። አጠገቤ ተቀምጦ የነበረው ሰውዬ ግን ስንመለስ ቦታውን ለውጦ አገኘሁት። ከዚያ ወዲያ ስሜ «ባለ ጎራዴዋ» ሆነ። ደብረ ማርቆስ ምሳ ስንበላ እንኳ አስተናጋጁ «ለባለ ጎራዴዋ ጥብስ!» ብሎ ጮኸ፤ ማን እንደነገረው እንጃ።

ባሕር ዳር ደርሼ ያደርኩበት ሆቴል በር ላይ «መሣሪያ ማስገባት ክልክል ነው» የሚል ተለጥፏል። እንግዳ ተቀባይዋ ተጨንቃ ተጨንቃ ጎራዴውን ከሰው ሻንጣ ጋር ዕቃ ክፍል ቆለፈችበትና ቁጥር ያለው ካርቶን ሰጠችኝ። ሙቀቱ ለአዲስ አበባ ሰው አይጣል ነው። ዓሣ በልቼ፣ መስኮት ከፍቼ፣ ትንኝ አስገብቼ አደርኩ።

ዓርብ በሚኒባስ ወረታ ድረስ ሜዳ ለሜዳ ሄድን፤ ግራና ቀኙ የሩዝ ማሳ፣ መንገድ ዳር የሽንኩርት ክምር። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ዳገቱ እንደ ጀመረ ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማው ራሱ የተጣፈ ነበርና አንድ ሰዓት ቆምን። እኛ ሰፈር ቢሆን ሾፌሩ ስድብ ጠግቦ ነበር። እዚያ ግን አንዲት ሴትዮ ቋጠሮዋን ፈትታ ቆሎ አደለችን፤ ሾፌሩንም ጨምራ። ሙቀቱን ከታች ትቼ ስለመጣሁ ብርዱ ጆሮዬን ያዘኝ።

አጎቴ መናኸሪያ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ረጅም ናቸው፣ ልክ እንደ አባቴ፤ ከሩቅ ሳያቸው ልቤ ድንግጥ አለ። አገላብጠው ሳሙኝና ቦርሳዬን ትተው ሰሌኑን ተቀበሉኝ። ባጃጅ ውስጥ ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ሳይፈቱት፣ እስከ ቤት ድረስ በሁለት እጃቸው ያዙት።

ቤት ስገባ ከአልጋው በላይ ግድግዳው ላይ ሁለት አዳዲስ ሚስማር ተመትቷል። ምን እንደሚሰቀልበት ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገኝም።

ባለቤታቸው እትዬ ጥሩ ግን ሚስማሩንም ጎራዴውንም ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። እግሬን ካላጠብኩ ብለው ታገሉኝ፣ በገብስ እንጀራ ሽሮ አቀረቡልኝ፣ በላይ በላዩ አጎረሱኝ። «የአዲስ አበባ ሰው አይበላም እንዴ? ምነው እንዲህ መነመንሽ?» ይሉኛል፤ እኔ ግን ቀበቶዬን በስውር እያላላሁ ነበር። የራሳቸውን ብርድ ልብስ አልብሰውኝ፣ እነሱ በጋቢ ተኙ። ይህን ያወቅኩት ጠዋት ነው፤ አፈርኩ።

ቅዳሜ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ በእግር ሄድን። አጎቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ሜዳ ላይ የሚሠለጥን ቡድን የማይ መስሎኝ ነበር፤ የደረስነው ግን ገና ያልተመረገ፣ እንጨቱ ብቻ የቆመ ጅምር ቤት ጋ ነው። ቤቱ የዘርፌ ነው። ዘርፌ ኩዌት ሰባት ዓመት ሠርታ የተመለሰች፣ ድምፅዋ ጎላ ያለ፣ ሳቂታ ልጅ ናት። ሃያ የሚሆን ሰው ተሰብስቧል፤ ገበሬው፣ አስተማሪው፣ ጡረታ የወጣ ወታደር። ቱታ የለበሰ አንድም የለም፤ ሁሉም ጋቢውን አጣፍቶ ጎራዴውን በብብቱ ይዟል።

እዚያ አገር ለከንቱ አይቆረጥም። የሚቆርጡት ጭቃ የሚቦካበት፣ ቤት የሚመረግበት ቦታ ሄደው ነው። ሰንበሌጥ የሚባለውን ረጅሙን የቤት ክዳን ሣር ውሃ ውስጥ ያሳድሩታል፤ ክንድ የሚያህል ነዶ አድርገው ጥብቅ አድርገው ያስሩትና እንጨት ላይ ያቆሙታል። ቆራጩ ከላይ ወደ ታች ስንዝር ስንዝር እያደረገ አምስት ጊዜ ይቆርጣል። የተቆረጠው ጭቃው ውስጥ ይጨመራል፣ ለምርጉ ማያያዣ ይሆናል። ነዶው በንጹሕ ካልተቆረጠና ሣሩ ከተንጠለጠለ «ፂም!» ብለው ይጮሃሉ። ፂም ያወጣ ሰው ጫማውን አውልቆ ጭቃ ውስጥ ይገባል፤ ሲረግጥ ይውላል። እኛ አዲስ አበባ የተሳሳተ ሰው አሥር ፑሽ አፕ ይሠራል፤ ከዚያ ምንም የሚተርፍ ነገር የለም። የእነሱ ስሕተት ግን ቤት ይሆናል።

ከመቆረጡ በፊት እያንዳንዱን ጎራዴ የሚያዩት አያ ገላው ናቸው። አያ ገላው የዘርፌ አባት፣ የአካባቢው ባለእጅ፣ የሁሉንም ጎራዴ የሠሩ ሰው ናቸው። የእኔን ተቀብለው ስለቱን ወደ ፀሐይ አዘነበሉት። ያቺ የምታምረው ቀለም ብልጭ አለች።

«ማን ሳለው?»

«መርካቶ ነው፣ በኤሌክትሪክ።»

አጎቴን አየት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ ዛሬ የዘርፌን ጎራዴ ያዢ። ይሄ መንገድ ደክሞታል፣ ይረፍ።»

ብረት መንገድ ይደክመዋል? ከአጎቴ ጋር የተመካከሩብኝ መሰለኝ፤ ደሜ ፈላ። «አይ፣ በራሴ ነው የምቆርጠው» አልኩ። አያ ገላው በእጀታው በኩል አዙረው ሰጡኝ።

ተራዬ ደረሰ። እግሬን አስተካከልኩ፣ አነሣሁ፣ ሰነዘርኩ። ጎራዴው ነዶው መሐል ድረስ ገባና ቆመ። ኮባ እኮ ለስላሳ ነው፤ እርጥብ ሰንበሌጥ ግን ብረት ይይዛል። ተሸብሬ ወደ ጎን ሳብኩት። ሲወጣ የአባቴ ጎራዴ እንደ ማጭድ ጎብጦ ነበር።

«ፂም» ብሎ የጮኸ ሰው የለም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። አጎቴ የጎበጠውን ብረት አይተው ዓይናቸውን ወደ ሌላ አዞሩ። ጫማዬን አውልቄ ጭቃው ውስጥ ገባሁ፤ ቢያንስ ደንቡን ላክብር ብዬ። ውሃው በረዶ ነው። ዘርፌ ቀሚሷን ሰብስባ አጠገቤ ዘለለች። እሷ አምስቱንም በንጹሕ የቆረጠች ናት፤ መግባት አልነበረባትም።

«ነይ ወደዚህ፣ እዚህ ጋ ይሞቃል» አለችኝ። ውሸቷን ነው፤ የትም አይሞቅም። ክንዷን ያዝኩና እየረገጥኩ አለቀስኩ። አባቴን ሁለተኛ ጊዜ የቀበርኩት መሰለኝ።

ምሳ ላይ ጠላ ሲዞር አያ ገላው ከኮታቸው ኪስ የራሳቸውን ኩባያ አወጡ። ሌላው ሁሉ በአንድ ጣሳ ይቀባበላል። አብረው እየቆረጡ፣ ባለእጅ ናቸው ተብሎ ኩባያቸው የተለየ ነው። ማንም ልብ ያለው አይመስልም፤ እኔ ግን ከነከነኝ። አጠገባቸው ሄጄ ተቀመጥኩ።

«ድንጋዩ ሲሽከረከር ብረቱን አቃጥሎታል» አሉኝ። «ያ ሰማያዊ ቀለም ከወጣ ስለቱ ሞቷል ማለት ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«በሰው ፊት? የአባትሽን ጎራዴ ላዋርደው?»

አንገቴን ደፋሁ። እሳቸውን ተንኮለኛ ብዬ ነበር እኮ!

«እንደገና በእሳት ገብቶ ዘይት ከጠጣ ይጠነክር ይሆናል» ቀጠሉ። «ይሰነጠቅም ይሆናል። ያረጀ ብረት አይታወቅም። ባለቤቱ ይወስን።»

ባለቤቱ ማን ነው? በስምምነታችን መሠረት ከእንግዲህ አጎቴ ናቸው። እሳቸውም ሰምተዋል። ጎራዴውን በሰሌኑ ጠቀለሉና «እንሂድ» አሉኝ።

እሁድ ከቅዳሴ ስንመለስ ጎራዴው አፎቱ ውስጥ አልገባ ብሎ፣ ባዶው አፎት ብቻውን ሁለቱ ሚስማሮች ላይ ተንጠልጥሏል። እግሬ አብጦ እያነከስኩ ነው። እትዬ ጥሩ ቅቤ እያሹልኝ «ወንዛዬ ፍል ውሃ ገብተሽ ብትነከሪ አንድ ቀን አይፈጅም ነበር» ይላሉ። አጎቴ መደብ ላይ ተቀምጠው አፎቱን ያያሉ። አላስቻለኝም።

«አባባ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት። አያ ገላውም አትቁረጪበት ብለውኝ ነበር። ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔ በዚያ ጎራዴ አንድ ቀን በንጹሕ ቆርጬ አላውቅም። አባትሽ ነበር የሚቆርጠው። እኔማ ሁልጊዜ ፂም ነው። የዚህ አገር ቤት ሁሉ ጭቃው በእኔ እግር የተረገጠ ነው» አሉና ፈገግ አሉ። ወዲያው ፈገግታው ጠፋ። «አንድ ወር ቆይቼ እመጣለሁ ብሎ ሄደ። ለቀብር ካልሆነ መጥቶ አያውቅም። ሲሞትም አልደረስኩም። ናፍቆኝ ነው፣ ልጄ። ለጎራዴው አይደለም። እሱን ማምጣት ሲያቅተኝ ጊዜ ነው ጎራዴውን ያልኩሽ።»

እኔ ሚስማሩን ሳይ ቅሚያ መስሎኝ ነበር። እትዬ ጥሩ እግሬን ማሸት አቁመው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ገላው ባለቤቱ ይወስን ብሏል» አሉ አጎቴ። «የሁለታችን ነው። ምን ትያለሽ?»

«ቢሰነጠቅስ?»

«ተሰንጥቆ ይሰቀላላ!»

«እንሞክረው» አልኩ።

ሰኞ ጠዋት አያ ገላው ደጃፍ ስንደርስ አጎቴ አጥሩ ጋ ቆሙ። ያንን ሁሉ ዓመት አብረው ሲቆርጡ፣ የባለእጅ ግቢ ነው ተብሎ፣ እዚያ ገብተው አያውቁም። ዱላቸውን መሬት ላይ አንዴ ወጋ አደረጉና ገቡ። ዘርፌ ወናፉን ያዘች፤ ከሰሉ ፍም ሆነ። አያ ገላው ጉብጠቱን ቀስ እያሉ በመዶሻ አቀኑት፣ መልሰው አጋሉት፣ መላው ስለት እንደ በርበሬ ሲቀላ በጉጠት አንሥተው የኑግ ዘይቱ ውስጥ ነከሩት። ጭሱ ሲነሣ አንድ ትንሽ ድምፅ ሰማሁ። ጢቅ። እንቁላል የተነቃ ያህል ነው፤ ሁላችንም ግን ሰምተነዋል።

አያ ገላው እንዳሉ ዝርፍጥ ብለው ተቀመጡ። ጎራዴው ከጫፉ ስንዝር ያህል ገብቶ ተሰንጥቋል።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ።

«የማንም አይደለም» አሉ አጎቴ። «የቀረውስ?»

አያ ገላው የቀረውን ብረት በጣታቸው ጥፍር እየመቱ አዳመጡ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዳር እስከ ዳር። «የቀረው ደኅና ነው።»

«እንግዲያው ጫፉን ስበረው።»

ጫፉን ሰበሩት። የቀረውን እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ በእጅ፣ በድንጋይና በውሃ ብቻ ሳሉት፤ አንድም ፍንጣሪ አልዘለለም። ዘርፌ ጠላ ቀድታ ለአባቷ ሰጠች። አያ ገላው ጥቂት ጠጡና ኩባያውን መሬት ላይ ሊያስቀምጡ ሲሉ አጎቴ እጃቸውን ዘረጉ። ተቀበሏቸውና ጠጡ። ዘርፌ ወደ ወናፉ ዞረች፤ ፊቷን እንዳላይባት ይመስለኛል።

ማክሰኞ የመመለሻዬ ቀን ነው። ጠዋት ዘርፌ ቤት ስንደርስ የቅዳሜው ሰው ሁሉ ቆሟል፤ ወሬው በምን እንደደረሳቸው እንጃ። ነዶውን ያሰሩልኝ አጎቴ ናቸው። ገመዱን በጥርሳቸው ነክሰው ሲያጠብቁት አይቻቸው «አባባ፣ ኧረ ያላሉልኝ!» ብዬ ጮህኩ፤ ሰው ሳቀ፤ እኔም ፍርሃቴ ትንሽ ለቀቀኝ።

ጎራዴው አጥሮ ቀሎኛል። ለካ ለእኔ ቁመት ድሮም ይረዝምብኝ ነበር። ሰነዘርኩ። ስንዝር ነዶ ዱብ አለ። ሁለተኛው ዱብ። ሦስተኛው ዱብ። አራተኛው ላይ «እየቆረጥኩ እኮ ነው!» የሚል ሐሳብ መጣብኝና እጄ ተዛነፈ፤ አንድ ጭብጥ ሣር ተንጠለጠለ።

«ፂም!» አለ ሃያ ሰው በአንድ አፍ።

አምስተኛውን በንጹሕ ቆረጥኩና ጫማዬን ልፈታ አጎነበስኩ። አጎቴ ትከሻዬን ያዙኝ።

«ጎራዴው ያንቺ ነው። ጭቃው ግን የእኔ ነው፣ ከድሮም» አሉና ጫማቸውን አውልቀው፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ገቡ። ያ ረጅም ሽማግሌ ያን የሚያህል ጉድጓድ ውስጥ እንደ ጎረምሳ እየዘለለ ሲረግጥ፣ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብለት፣ የአባቴን ሳቅ በአጎቴ አፍ ሰማሁት።

አያ ገላው ለተሰበረው ጫፍ ከወይራ እንጨት እጀታ ሠርተውለታል። አጎቴ በቀዩ አፎት ከተቱት፤ ከውጭ ለሚያየው ሙሉ ጎራዴ ነው። እሱ ሚስማሮቹ ላይ ተሰቀለ። የእኔ ደግሞ ያለ አፎት በእትዬ ጥሩ ነጠላ ተጠቅልሎ፣ ከአንድ ቋጠሮ በሶ ጋር፣ አዲስ አበባ ገባ። ዓባይ ፍተሻ ላይ ያው ፖሊስ አገኘኝና «ሣሩ ተቆረጠ?» አለኝ። «አራቱ» አልኩት።

ባለፈው ሳምንት አጎቴ ደወሉ።

«ቤት የመጣ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያየዋል» አሉኝ። «‹ምዘዘውና እንየው› ይሉኛል።»

«ታዲያ ምን ይሏቸዋል?»

«ባለቤቱ አዲስ አበባ ናት፤ እሷ ሳትመጣ አይመዘዝም እላቸዋለሁ።»

ሳቅኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«መቼ ነው የምትመጪው?» አሉኝ።